ያለጊዜው የተወለደ ልጅ በጡጦ ሲጠባ እንዴት እንያዘው?

ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን አንድ ላይ ማስኬድ ይከብደዋል፣ ስለዚህ በናታችሁ በጀርባው አንጋላችሁ ጡጦውን ከላይ አትድፉበት፣ ወተቱ ሳይፈልግ ይወርድና ትን ይለዋል። ጭናችሁን ከፍ አድርጉና በጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ከዳሌው ከፍ ይበል፣ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይሁኑ፣ አገጩ ደረቱ ላይ እንዳይደፋ። እጆቹን ወደ ፊቱ ሰብሰብ አድርጋችሁ ሳታጠብቁ ጠቅልሉት። ጡጦውን አግድም ያዙት። ሶስት አራቴ ስቦ ካልተነፈሰ ጡጦውን ዝቅ አድርጉለትና ይተንፍስ። ጣቶቹን ከዘረጋ፣ ቅንድቡን ከሰቀለ ወይ ወተቱ ባፉ ጥግ ከፈሰሰ እረፍት ፈልጓል ማለት ነው፣ ጨርስ ብሎ ማስገደድ የለም። ከንፈሩ ወይ ምላሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን ወዲያው አቁማችሁ ቀና አድርጉት፣ ሀኪም ቤት ከሆናችሁ ነርስ ጥሩ፣ ቤት ከሆናችሁ ደግሞ ሳትዘገዩ ሀኪም ቤት ውሰዱት።