ዳንጀኑ ሲቀዘቅዝ፦ ለአጫዋቾች ችግርና መፍትሄ

ሐዋሳ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበን የምንጫወተው ባብዛኛው ዳንጀን ነው፤ የፈረሰ ምሽግ፣ የድሮ መቃብር፣ ጭራቅ የሰፈረበት ዋሻ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በወሬና በዳይስ የሚጫወተው የጠረጴዛ ጨዋታ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ከታተመ ጀምሮ እምብርቱ ይኸው ነው። አዳዲስ አጫዋቾች (ታሪኩን የሚመሩት፣ ዋሻውን የሚገልጹት) ግን «ተጫዋቾቹ ዋሻ ሲገቡ ጨዋታው ይሞታል» ይሉኛል። የጭራቅ ማነስ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ አንድ ነው፦ እዚያ ውስጥ ጊዜ ዋጋ የለውም።

ግድግዳ ሁሉ ይዳበሳል፣ ጨዋታው አይራመድም

በር ባዩ ቁጥር ጆሮ ይደግናሉ። ወለሉን በዘንግ ይነካካሉ። ዳይሱ እምቢ ካለ «እንድገመው» ይላሉ። ከሰዓቱ አልቆ ሦስት ክፍል አላለፉም።

አትፍረዱባቸው። ጥንቃቄ ምንም ካላስከፈለ ማን ይተዋል?

እንግዲያው አስከፍሏቸው። ጊዜውን በ10 ደቂቃ ዙር ቁረጡት። ክፍል መፈተሽ አንድ ዙር። ቁልፍ መጎርጎር አንድ ዙር። ካርታ እየሳሉ 36 ሜትር ገደማ መሄድም አንድ ዙር። ችቦ የሚነደው 6 ዙር ነው፤ ስለዚህ 6 ፍሬ ባቄላ ሲኒ ውስጥ ጨምሩና ጠረጴዛው መሀል አስቀምጡ። ዙር ባለፈ ቁጥር አንድ ፍሬ ይወጣል። ቆሎ ግን አይሆንም፣ ሳይታወቅ ይበላል። ሁለት ፍሬ ሲቀር የሰዎቹ ድምፅ ራሱ ዝቅ ይላል፤ «ይሄን ሣጥን እንተወው» የሚል ሰው ይመጣል። ጨዋታው የሚጀምረው ያኔ ነው።

በየ2 ዙሩ ደግሞ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ወርውሩ፣ የሉዶው ይበቃል። 1 ከወጣ ኮሪደሩ ላይ የሚዞር ነገር ደረሰባቸው። የመጣ ሁሉ ግን ለጠብ አይመጣም። በ1981 እ.ኤ.አ. በወጣው የዚሁ ጨዋታ «ቤዚክ» የተባለ የጀማሪዎች ሕግ ሁለት ዳይስ ተወርውሮ ይደመራል፦ 2 ከሆነ ወዲያው ያጠቃል፣ 12 ከሆነ ይወዳጃል፣ መሀሉ ያመነታል። ይህን ሕግ በጣም እወደዋለሁ። ጎብሊን የሚባለው ትንሽ ጭራቅ ተርቦ ዳቦ ተቀብሎ ወጥመዱ የት እንዳለ ሲጠቁም፣ ማንም ሰይፍ ሳይመዝ ጠረጴዛው ሁሉ ይነቃል።

«ቀኝ ወይስ ግራ?» «የፈለግከው»

መንገዱ ሁለት ሆኗል፣ መረጃ ግን የለም። ይህ ምርጫ ሳይሆን ዕጣ ነው። እንዲህ በሉ፦ «ከግራ ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል፣ ውሃ ይንጠባጠባል። ከቀኝ የተጠበሰ ሥጋ ይሸታል፤ አቧራው ላይ የባዶ እግር ዱካ አለ።» አሁን ክርክር ይነሳል። አንዱ ሥጋውን ማን እንደጠበሰ ማወቅ ይፈልጋል፣ ሌላዋ ነፋሱ መውጫ መሆኑን ትገምታለች።

ዋሻውንም ቀጥ ያለ መስመር አታድርጉት። ሁለቱ መንገዶች ወደፊት የሆነ ቦታ ይገናኙ። ያኔ ዞሮ ከኋላ መምጣትም፣ ማምለጥም ይቻላል።

ስውሩ በር አልተገኘም፣ ሁሉም ቆመ

መቀጠያው በአንድ ዳይስ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ስውር በር ለአቋራጭና ለተጨማሪ ሀብት ይሁን። ዋናው መንገድ ክፍት ይሁን።

ካርታው ተምታታ

«ወደ ሰሜን ስምንት፣ ከዚያ ምሥራቅ አራት» እያላችሁ አታድክሟቸው። ባለ ካሬ ደብተር ላይ ያዩትን ክፍል ራሳችሁ ሳሉት፣ ያላዩትን በወረቀት ሸፍኑ። አለቀ።

አንድ ሰው ብቻ ያወራል

እኛ ጋ ይህ የሚብሰው የዕድሜ ልዩነት ሲኖር ነው። ታላቅየው «በሩን እንስበረው» ካለ ታናናሾቹ ዝም ይላሉ። ያደግንበት ነውና ዓይን አፋርነት አይምሰላችሁ። ጋሼን ማስቆም አያስፈልግም፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ቀይሩ። በየዙሩ ከትንሿ ጀምሩ፦ «አንቺስ በዚህ 10 ደቂቃ ምን ታደርጊያለሽ?» የባቄላውን ሲኒም ለእሷ ስጧት። ብርሃኑ ስንት እንደቀረ የምትናገረው እሷ ስትሆን ታላላቆቹም ይሰሟታል።

ሰዓት አልቆ ዋሻው መሀል ቀሩ

ባጃጅ ሳይጠፋ ቤት መግባት አለ፤ በሳምንቱ ደግሞ የሚመጡት ሌሎች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ተስማሙ፦ ጨዋታው ሳያልቅ ሁሉም ከዋሻው መውጣት አለበት። ግማሽ ሰዓት ሲቀር ንገሯቸው። መመለሻው ግን ነጻ አይሁን፤ ባቄላ ይቀነሳል፣ ዳይሱም ይወረወራል።