የመኪና ቁልፍ ሲጠፋ ምን ይደረጋል? (ከመጥፋቱ በፊትስ?)

ባለፈው ዓመት ለቅሶ ልደርስ ሄጄ የያሪሴን ቁልፍ ጣልኩ። ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ተነሳ፣ ምንጣፍ ተገለበጠ፣ የለም። ሰዉ ሐዘንተኛውን ትቶ የእኔን ቁልፍ መፈለግ ሲጀምር አፈርኩና "ግድ የለም፣ ቤት ሌላ አለኝ" ብዬ ወጣሁ። ውሸቴን ነው። መኪናዋን ስገዛት ያገለገለች ነበረች፣ የመጣችውም በአንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ለማስቀረጽ ነገ ነገ ስል ሦስት ዓመት አለፈኝ። ስንት እንዳስወጣኝ አልነግራችሁም። ያኔ በግድ የተማርኩትን ግን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ እጃችሁ ላይ ያለው ምን ዓይነት ቁልፍ እንደሆነ እወቁ። ዋጋውም ጣጣውም ከዚያ ነው የሚጀምረው።

እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ያሉ የድሮ መኪኖች ቁልፍ ብረት ብቻ ነው። መንገድ ዳር ያለ ቁልፍ ቀራጭ በደቂቃዎች ይጨርስላችኋል። እሱን እዚህ ላይ እንተወው።

ሁለተኛው ጥርሱ እንደ ድሮው ሆኖ ፕላስቲክ ራሱ ውስጥ ቺፕ ያለው ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው በዚህኛው ነው። ቺፑ ባትሪ የለውም። ቁልፉን ስታስገቡ በመክተቻው ዙሪያ የተጠመጠመ ሽቦ በሬዲዮ ሞገድ ኃይል ይሰጠዋል፣ ቺፑም መለያውን ይመልሳል፣ የመኪናው ኮምፒውተር ካወቀው ሞተሩን እንዲነሳ ይፈቅዳል። ካላወቀው ጥርሱ የቱንም ያህል በትክክል ቢቀረጽ በሩ ይከፈታል፣ መሪው ይፈታል፣ ሞተሩ ግን ወይ አይነሳም ወይ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። ይሄ ኢሞቢላይዘር የሚባለው ነው። አውሮፓ ውስጥ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ ስለሆነ፣ ከዚያ የመጣ መኪና ካላችሁ እንዳለው ቁጠሩት። መኪናው ተቆልፎ ሲቆም ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት ካለችም ጥሩ ፍንጭ ናት። አሁንም ከተጠራጠራችሁ የቁልፉን ፕላስቲክ ራስ በኩሽና ፎይል ደህና አድርጋችሁ ጠቅልሉና አስነሱ፤ እምቢ ካለ ቺፕ አለው ማለት ነው። የቶዮታ ከሆነ ደግሞ የብረቱን አንገት እዩት። "ጂ" ወይም "ኤች" የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ተቀርጾበት ይሆናል፣ የቺፑን ዓይነት ነው የሚናገረው። ባለሙያ ጋ ስትደውሉ ይህን ብትነግሩት አይደናገርም።

አንድ ነገር እንዳትደባልቁ። ቁልፉ ላይ ያሉት የሪሞት መጫኛዎች እና ቺፑ ለየብቻ ናቸው። ሪሞቱ ባትሪ ጨርሶ በሩን አልከፍት ቢላችሁ በብረቱ ከፍታችሁ ታስነሳላችሁ። "ቁልፌ ሞተ" ብላችሁ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት የአንዲት ክብ ባትሪ ጉዳይ መሆኑን አረጋግጡ። ባትሪው ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። ሲአር 2032 ማለት ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር ነው። 2025 ውፍረቱ 2.5፣ 2016 ደግሞ 1.6 ነው። ሱቅ ውስጥ "ያው ነው" ብለው ቀጭኑን ቢሰጧችሁ አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም፣ እናንተም ሪሞቱን ትወቅሳላችሁ።

ሦስተኛው ከኪስ ሳይወጣ በር የሚከፍተው፣ በቁልፍ ፈንታ ቁልፍ ተጭናችሁ የምታስነሱት ስማርት ቁልፍ ነው። (አማርኛችን ለመክፈቻውም ለሚጫነውም ያው "ቁልፍ" ስለሚል ከዚህ በኋላ የሚጫነውን "ስታርት" እላለሁ።) መኪናው ቅርብ ርቀት ብቻ የሚደርስ ደካማ ምልክት ይልካል፣ ኪሳችሁ ያለው ነቅቶ ይመልሳል፣ በሩ ይከፈታል። ባትሪው ሲሞት ግን መኪናው ከነጭራሹ አያያችሁም። አትደንግጡ። ስማርት ቁልፉ ጎን ላይ ትንሽ ማላቀቂያ አለች፣ እሷን ገፋ ስታደርጉ ቀጭን የብረት ቁልፍ ይወጣል፣ በሩን በሱ ክፈቱ። የበሩ ቀዳዳ ካልታየ እጀታው ጫፍ ላይ ክዳን ተደፍቶበት ይሆናል። ከዚያ ቶዮታ ከሆነ ፍሬን ረግጣችሁ የስማርት ቁልፉን የቶዮታ ምልክት ያለበትን ጎን ስታርቱ ላይ አስጠጉት፤ ድምፅ ሲያሰማ ስታርቱን ተጫኑ። ሃዩንዳይ ላይ ራሱን ስማርት ቁልፉን እንደ ጣት ተጠቅማችሁ ስታርቱን በሱ ትጫናላችሁ። አንዳንዱ መኪና ደግሞ መክተቻ አለው። ይህን ማንዋሉ ላይ ዛሬ አንብቡት፣ ሌሊት ዝናብ ውስጥ ቆማችሁ አይደለም።

እሺ፣ በእርግጥ ጠፋ እንበል። ኪስ፣ ቦርሳ፣ የሶፋ ስር፣ የልጆች መጫወቻ ተፈትሿል። ያለ ቁልፍ መኪናው አይነዳም፣ ስለዚህ በክሬን ከመጎተት ባለሙያውን መኪናው ወዳለበት ጥሩት። አብዛኞቹ መሣሪያቸውን በቦርሳ ይዘው ይመጣሉ። ሊብሬውንና መታወቂያችሁን ያዙ። ሳይጠይቃችሁ ሥራ የሚጀምር ባለሙያ ካጋጠማችሁ ደስ አይበላችሁ፣ ነገ የእናንተን መኪና ለሌላ ሰውም እንዲሁ ይከፍትለታል።

አንድ የሚሠራ ቁልፍ በእጃችሁ ካለ ሥራው ቀላል ነው፣ እሱን አይቶ ይጨምርላችኋል። አንድም ከሌለ፣ ማለትም እንደ እኔ ከሆናችሁ፣ ጥርሱን ከበሩ ማንበብ ወይም የበሩን ቁልፍ መፍታት አለበት፣ ከዚያ የኢሞቢላይዘሩን ማኅደር (የሚያውቃቸው ቺፖች የተመዘገቡበትን) መክፈት ወይም እንደ አዲስ ማስጀመር ይመጣል፣ አንዳንድ መኪና ላይ የኢሞቢላይዘሩን ሳጥን ፈትቶ ማውጣትም አለበት። ዋጋው ለምን እንደሚያድግ ገባችሁ? ያን ቀን ባለሙያው ዳሽቦርዱ ስር ተኝቶ ሳለ የመኪናው ባትሪ ደከመና ሥራው መሀል ላይ ቆመ፣ ከጎረቤት ቻርጀር ለምነን ነው የጨረስነው። እናንተ ከመጀመሪያው ቻርጀር ይቀጠል በሉ።

ዋጋ ስትነጋገሩ አራት ነገር ጠይቁ፦ መቅረጹም፣ ቺፑም፣ ከመኪናው ጋር ማስተዋወቁም አንድ ላይ ነው ወይ? ሪሞቱ ይሠራል ወይስ ሞተር ማስነሳት ብቻ ነው? የጠፋውን ከመኪናው ማኅደር ያጠፋዋል ወይ? ሁለት ቢሠራስ ስንት ይቀንሳል? የመጨረሻዋን አትዝለሉ፣ ከባዱ ሥራ አንዴ ከተሠራ ሁለተኛው ቁልፍ ትንሽ ነው የሚጨምረው። ርካሽ ነው ብላችሁ ከሶማሌ ተራ ወይም ከኢንተርኔት ያገለገለ ስማርት ቁልፍ ቀድማችሁ አትግዙ። ብዙ ጊዜ ከቀድሞው መኪና ጋር ተቆልፎ ስለሚቀር የእናንተን አይቀበልም። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት እዚያው ፊት ለፊታችሁ አሥር ጊዜ አስነሱት፣ አጥፉት፣ ከኋላ በርም ሞክሩት።

መኪናው አዲስ ሲሆን ከቁልፉ ጋር ቁጥር ያለባት ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ ምልክት ትመጣለች። ብዙ ሰው የቁልፍ ማንጠልጠያ ጌጥ መስላው ይጥላታል። የጥርሱ ቅርጽ በዚያች ቁጥር ነው የሚገኘው። ፎቶ አንሷትና ቤት አስቀምጧት፣ ከቁልፉ ጋር አብራችሁ ግን አታንጠልጥሏት።

ስለ ሌባ ደግሞ። ስማርት ቁልፍ በር አጠገብ ሰቅላችሁ አትደሩ። ምልክቱን በመሣሪያ ተቀብሎ ወደ መኪናው የሚያስተላልፍ ሌባ አለ፣ ቁልፉን ሳይነካ መኪናውን ያስነሳል። ክዳኑ ግጥም የሚል የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ቁልፉን ከውስጥ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ በሩ ካልተከፈተ ቆርቆሮው ሠርቷል። ላቫጆ ስትገቡም ከቤታችሁ ቁልፍ ጋር አንጠልጥላችሁ አትስጡ።

ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ፣ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በዝታችኋልና፣ የእናንተም ጣጣ አለ። አንዳንድ ቢዋይዲ ላይ ከስማርት ቁልፉ ሌላ የሾፌሩ መስታወት ላይ የምታስነኩት ካርድ አለ። ዋሌት ውስጥ አኑሩት። ግን ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም ትንሿ 12 ቮልት ከሞተች በሩን የሚከፍተው ኤሌክትሮኒክስ ራሱ ኃይል አያገኝም፣ ካርድም ስልክም ዝም ነው። ያኔ የምታድናችሁ ያቺው የተደበቀችው የብረት ቁልፍ ናት።

የእኔ ቁልፍ ከወር በኋላ ተገኘ። እድሩ ድንኳኑን ለሌላ ለቅሶ ሲዘረጋ ከሸራው እጥፋት ውስጥ ወደቀ። ወስጄ ሞከርኩት፤ በሩን ይከፍታል፣ ሞተሩን ግን አያስነሳም፣ ከማኅደሩ ጠፍቷላ። ከማኅደር ማጥፋት የሚነካው ቺፑን እንጂ ጥርሱን አይደለም። ቁልፋችሁ የጠፋው መኪናችሁን የሚያውቅ ሰው እጅ ገብቶ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የበሩንም ቁልፍ አስቀይሩ፣ ቢያንስ ዕቃ ውስጥ አትተዉ።