እሳቱን አጥፍቶ ንፍሮ ማብሰል፦ የጭድ ሳጥን እንዴት እንደሚሠራ

ደሴ ላይ ሽምብራ የጣደ ሰው ኮምቦልቻ ካለው ዘመዱ የበለጠ ከሰል ይፈጃል። ጥፋቱ የከሰሉም የሽምብራውም አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውሃ 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። ኮምቦልቻ ወረድ ስለምትል ሁለት ዲግሪ ያህል ትጨምራለች። አንዴ ከፈላ በኋላ ከሥሩ የፈለገው ያህል ከሰል ቢከመር፣ ክዳኑ እስኪንገጫገጭ ቢንተከተክ እንኳ፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ትርፉ ኃይል ውሃውን ወደ እንፋሎት እየለወጠ በጭስ መውጫው ይሄዳል።

ብክነቱ ቀላል እንዳይመስልዎ። 17 ዲግሪ ያለውን አንድ ሊትር ውሃ 92 ለማድረስ 315 ኪሎ ጁል ገደማ ይበቃል። ያንኑ ሊትር አትንኖ ለመጨረስ ግን ከ2,200 ኪሎ ጁል በላይ ይጠይቃል፤ ሰባት እጥፍ መሆኑ ነው። እንግዲህ ከፈላ በኋላ የእሳቱ ሥራ የሚያመልጠውን ሙቀት መተካት ብቻ ነው። ማምለጫው ከተዘጋ እሳቱ ለምን ያስፈልጋል?

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ወሎ ውስጥ በየቤቱ አለ፦ ትልቅ ቅርጫት ወይም ጠንካራ ካርቶን፣ ደረቅ የጤፍ ጭድ፣ አሮጌ ጋቢ ወይም ባና፣ አንድ የትራስ ልብስ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ድስት።

መጀመሪያ የካርቶኑ ወለል ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጭድ ያንጥፉ። ጫን ጫን ያድርጉት፤ ግን ድርቅ እስኪል አይጠቅጥቁት። ሙቀት የሚይዘው ጭዱ ብቻውን ሳይሆን በመሃሉ ታግቶ የቀረው አየር ነው። ባለበት የቆመ አየር ሙቀት አያሳልፍም ማለት ይቻላል፤ አሉሚኒየም ከእሱ በብዙ ሺህ እጥፍ ያሳልፋል። አየር ተንኮሉ ሲንቀሳቀስ ነው፦ የሞቀው ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ቦታውን ይይዛል፣ ድስቱም እየተገፈፈ ይቀዘቅዛል። ጭዱ ይህን መንሸራሸር ያስቆማል። እርጥብ ጭድ ግን እንዳያስገቡ፤ ውሃ ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያሳልፋልና ልፋትዎ ከንቱ ይሆናል።

ቀጥሎ ባዶውን ድስት መሃል ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በዚያው ውፍረት ጭድ ይሙሉ። ድስቱን ቀስ ብለው ሲያወጡ ጎድጓዳ ማረፊያ ይቀራል። በጋቢው ያልብሱት፤ አለዚያ ንፍሮውን ከጭድ መልቀም ሌላ ሥራ ነው። የትራስ ልብሱንም ጭድ ሞልተው ይስፉት። ከሳጥኑ አፍ ትንሽ ሰፋ ቢል ይሻላል፤ ተጨምቆ ሲገባ ክፍተት አይተውም።

አሁን ወደ ምድጃው። ማታ የተዘፈዘፈውን ሽምብራ ክዳኑን ከድነው ከፈላ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ያንተክትኩት። ቶሎ አይቸኩሉ። ሙቀት ወደ ፍሬው እምብርት የሚገባው ቀስ እያለ ነው፤ ውጩ ሞቆ ውስጡ ሳይሞቅ ካወረዱት ፍሬው ከውሃው ሙቀት እየጠጣ ያቀዘቅዘዋል። ውሃውን ከወትሮው ቀነስ ያድርጉ፣ የሚተን የለምና። ድስቱ ግን እስከ አፉ የተጠጋ ይሁን፤ ጎዶሎ ድስት ቶሎ ይበርዳል። ሁለት ሊትር ለማይሞላ ወጥ ይህን ሁሉ መድከምም አይመከርም።

ከማውረድዎ በፊት የድስቱን ቂጥ ይመልከቱ። የተጣበቀ ፍም ካለ ጠርገው ያራግፉት፤ ከጭድ ጋር ቀልድ የለም። ከዚያ ፈጠን ብለው ማረፊያው ላይ ያስቀምጡ፣ ጋቢውን ይጠቅልሉበት፣ ትራሱን ይጫኑ።

ምስር በአንድ ሰዓት፣ የገብስ ሾርባ በሁለት፣ ሽምብራ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይደርሳል። ረመዳን ላይ ከአስር ሶላት በፊት የገባ ሾርባ ለመግሪብ ትኩስ ሆኖ ይገኛል። ፈተናው ዝም ብሎ መተው ነው። «እታለም፣ እስቲ ገለጥ አርጊው!» የሚል ሰው ከየቤቱ አይጠፋም። እሳት ላይ ቢሆን የወጣው ሙቀት ይተካል፤ እዚህ ግን በእንፋሎቱ የወጣው ወጣ ነው።

ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ መዳፍዎን በሳጥኑ ዙሪያ ያዙሩ። ቀዝቀዝ ካለ ደህና ነው። ለብ ያለ ቦታ ካገኙ ሙቀቱ በዚያ እያመለጠ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ትራሱና ጠርዙ የሚገናኙበት ላይ ይሆናል። ጨርቅ ይወትፉበት። ድስቱ የካርቶኑን ግድግዳ የነካበት ጎንም ወዲያው ይታወቃል።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ምግቡ ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ ሲቆይ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ስለዚህ ከአራት ሰዓት በላይ አያቆዩት፣ ሲያወጡትም አንዴ አፍልተው ያቅርቡ። ቦሎቄ ከሆነ ደግሞ ወደ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት 30 ደቂቃ በደንብ ይንተክተክ፤ በጥሬውና በከፊል የበሰለው ውስጥ ያለው መርዝ በለብታ አይጠፋም።

ሙቀት ሁልጊዜ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነው የሚሄደው፤ ጭዱ ደግሞ ለየትኛውም አቅጣጫ መንገድ አይሰጥም። ስለዚህ ወደ ከሚሴ ቆላ ሲወርዱ ያው ሳጥን ቀዝቃዛ ውሃ ያቆያል። ለዚያ ግን ጠርሙሱን በላስቲክ ይጠቅልሉት፤ ላዩ ላይ የሚያልበው ውሃ ጭዱን ያረጥበዋል።