ከድንገተኛ ክፍል የወጣ የስኳር ሕመምተኛን በአጭር መልእክት መከታተል

ሕመምተኛው ከድንገተኛ ክፍል ሳይወጣ ነርሷ የሙከራ መልእክት ትላክለት፤ እዚያው ጮክ ብሎ ያንብበው። አንዳንድ የቆየ ባለቁልፍ ስልክ ፊደላችንን ባዶ ሳጥን አድርጎ ያሳያል፤ ካልተሞከረ የተላከው ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ማንበብ ለማይችሉ እናት ወይም አባት፣ ፈቃዳቸው ተጠይቆ፣ አብሯቸው የሚያድር ልጅ ቁጥር ይመዝገብ። ስልኩ የጋራ ከሆነ የበሽታው ስም አይጻፍ።

በአማርኛ አንድ መልእክት ክፍተቱን ጨምሮ 70 ቁምፊ (ፊደል፣ ቁጥር ወይም ምልክት) ይይዛል። ካለፈ በ67 በ67 ይቆራረጣል፤ የሚከፈለውም በቁራጩ ልክ ነው። አዳማ ላይ ብዙዎች የሚመርጡት አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ 160 ይገባል። ስለዚህ በአንድ መልእክት አንድ ነገር ብቻ፦

«የጠዋቱን መርፌ ተወግተዋል? አዎ ካሉ 1፣ አይ ካሉ 2 ይላኩ።»

39 ቁምፊ ነው፤ መርፌ የተባለው ኢንሱሊን ነው። ጥያቄ የሆነው በምክንያት ነው፦ «ይወጉ» የሚል መልእክት በኔትወርክ ምክንያት ዘግይቶ ከደረሰ፣ ቀድሞ የተወጋ ሰው ደግሞ ሊወጋና ስኳሩ ክፉኛ ሊወርድ ይችላል። የሚላከውም ከመርፌው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። መላኪያው በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ለጠዋቱ 1 ተኩል 7:30 ይሞላ፤ 1:30 ከተሞላ ሰውየው ከሌሊቱ 7 ተኩል ይቀሰቀሳል።

«2» ያለ ሰው በዚያው ጠዋት ይደወልለት። ሂሳብ ያለቀበት ሚስኮል ያድርግ፤ ስልኩን የሚይዝ ተረኛ ካልተመደበ ግን ሥራው ባይጀመር ይሻላል። የመድኃኒት መጠን በመልእክት አይቀየርም።

ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪሙ የመርፌውንና የምግቡን ሰዓት ከሕመምተኛው ጋር ይወስን፤ መልእክቱም በዚያው ይስተካከል። ተወግቶ ሳይበላ የሚውል ሰው አደጋ ላይ ነው። ስኳሩ ከ70 ሚ.ግ/ዴ.ሊ በታች ለወረደበት ይህ በስልኩ ተቀምጦ ይቆይ፦

«ላብ፣ መንቀጥቀጥ ካለ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ይጠጡ። 15 ደቂቃ ጠብቀው ይለኩ።»

ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥ፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

በሎስ አንጀለስ ከድንገተኛ ክፍል የወጡ 128 ሕመምተኞች የተካተቱበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል፤ መልእክት የደረሳቸው በቀን 2 ለ6 ወር ተልኮላቸዋል። መድኃኒት አወሳሰዳቸው ተሻሽሏል፤ በሦስት ወር አማካይ ስኳር ላይ የታየው ልዩነት ግን ለማረጋገጥ የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ቀጠሮው አይሰረዝ፤ ከቀጠሮው 2 ቀን በፊትም ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያስታውስ መልእክት ይላክ። ማስመለስ፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ወይም መፍዘዝ የጀመረው ሰው የማንንም መልስ ሳይጠብቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይመለስ።