ለቤት ሠራሽ ኮምፒውተር የፍሎፒ መቆጣጠሪያ ቺፕ እንዴት ይመረጣል?

የፍሎፒ መቆጣጠሪያ ቺፕ ማለት በፕሮሰሰሩና በፍሎፒ ድራይቩ መካከል ሆኖ ዲስኬቱን የሚያስነብብና የሚያስጽፍ ነው። የራሳቸውን ኮምፒውተር ከባዶ የሚሠሩ የፖሊ (ፖሊቴክኒክ) ተማሪዎች ወደ ጥገና ቤቴ ሲመጡ የሚጠይቁኝ "የቱን ቺፕ ልግዛ?" ብለው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ስለ ዲስኬታቸውና ስለ ፕሮሰሰራቸው እጠይቃለሁ። ቺፑን የሚወስኑት እነዚያ ናቸው።

ከዲስኬቱ እንጀምር። ባሕር ዳር ውስጥ እኔ የማገኘው ድራይቭ ከድሮ የቢሮ ኮምፒውተር የተነቀለ፣ ባለ ሦስት ተኩል ኢንቹ ነው። አብሮት የሚገኘው ዲስኬት 1.44 ሜጋባይት ይይዛል። ይህ ዲስኬት ሲነበብ ዳታው በሰከንድ 500 ኪሎቢት ይመጣል። የጥንቱ 720 ኪሎባይት ግን 250 ነው። በፈጣኑ ላይ በየ16 ማይክሮሰከንዱ አንድ ባይት ይደርሳል፣ በቀርፋፋው በየ32ቱ። ፕሮሰሰሩ አንዱን ሳያነሣ ቀጣዩ ከመጣ ሴክተሩ (የዲስኬቱ አንድ የዳታ ቁራጭ) ጠፋ ማለት ነው።

በ1 ሜጋኸርዝ የሚሄድ 6502 የሚባለው ፕሮሰሰር በ16 ማይክሮሰከንድ ውስጥ 16 ሳይክል (የሥራ ምት) ብቻ አለው። "ባይት ደርሷል?" ብሎ መጠየቅ፣ ማንሣት፣ ማስቀመጥ፣ መቁጠር፣ በዚያች ጊዜ አያልቅም። ስለዚህ እሱ ከ720ው ጋር ይኑር። በ4 ሜጋኸርዝ የሚሄድ ዜድ80 (Z80) ፕሮሰሰር ደግሞ 64 ሳይክል ያገኛል። ሉፑ (ይህን ሥራ የሚደጋግመው የፕሮግራም ክፍል) በጥንቃቄ ከተጻፈ ይበቃዋል። 8 ሜጋኸርዝ ከሆነ ዘና ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቺፕ ስትመርጡ የቺፑን ዋጋ ሳይሆን በዙሪያው የሚፈልገውን ዕቃ ቁጠሩ። አዲስ አበባ እንኳ የማይገኝ ዕቃ እዚህ ቅዳሜ ገበያ አይገኝም። የጎደለች አንዲት አይሲ (ቺፕ) ከውጭ የሚመጣ ሰው ታስጠብቃለች።

ከዙሪያው ዕቃ ሁሉ ከባዱ ዳታ ሴፓሬተር የሚባለው ነው። ከድራይቩ የሚወጣው ንጹሕ ዳታ አይደለም፤ የሰዓት ምትና የዳታ ምት ተቀላቅለው በአንድ ሽቦ ይመጣሉ። በ720ው ዲስኬት ላይ በምቶቹ መካከል ያለው ርቀት 4፣ 6 ወይም 8 ማይክሮሰከንድ ነው። ችግሩ ሞተሩ ፍጹም በእኩል ፍጥነት አይዞርም፤ ተቀራርበው የተጻፉ ምቶችም ትንሽ ይገፋፋሉ። የሠርግ ከበሮ መቺ ፈጠን ሲል አጨብጫቢው አብሮ እንደሚፈጥን፣ ሴፓሬተሩም ፍጥነቱን እየተከተለ የትኛው ምት የማን እንደሆነ መለየት አለበት። ይህን በብሬድቦርድ ላይ በራሳችሁ ለመሥራት መነሣት ብዙ ልብ ያደክማል። ኦሲሎስኮፕ ከሌላችሁ ጭራሽ አትሞክሩት።

በዚህ ሚዛን ሳየው የዌስተርን ዲጂታል 1771 ከመጀመሪያው ይወድቃል። ነጠላ ዴንሲቲ (በግማሽ ጥግግት የሚጽፍ) ብቻ ነው፣ ሦስት ዓይነት ቮልቴጅም ይፈልጋል። 1793 የተሻለ ነው፤ ግን 12 ቮልት ይጠይቃል፣ ሴፓሬተሩም ከውጭ ነው። 2793 ሴፓሬተሩን ወደ ውስጥ አስገብቷል፣ በ5 ቮልት ብቻም ይሠራል፤ ነገር ግን በመሣሪያ እያዩ የሚያስተካክሉት ትሪመር (በካቻቪቴ የሚዞር ማስተካከያ) አለው። ኤንኢሲ 765 እና መንትያው ኢንቴል 8272 በ1981 እ.ኤ.አ. በወጣው የአይቢኤም ፒሲ ዘመን ስም ያተረፉ ናቸው። እነሱም ያለ ውጭ ሴፓሬተር አያነቡም።

እኔ የምመክረው ሁለት ነው። 720ው ለሚበቃው ሰው ዌስተርን ዲጂታል 1772። 28 እግር ብቻ አለው፣ 5 ቮልት ይበቃዋል፣ ሴፓሬተሩ ውስጡ ነው፣ የ8 ሜጋኸርዝ ክሎክ ብቻ ይሰጠዋል። አታሪ ኤስቲ በሚባለው ኮምፒውተር ላይ የነበረው እሱ ነው። ትእዛዞቹ ቀላል ስለሆኑ ለጀማሪ ደስ ይላል። ወደ ድራይቩ የሚሄዱትን መስመሮች ግን መስመር በሚያጠነክር ቺፕ፣ በ7406 ወይም በ7438፣ አሳልፏቸው፤ ድራይቭ መምረጫውንም ራሳችሁ በላች (የተጻፈለትን ይዞ በሚቆይ ቺፕ) ትሠራላችሁ።

1.44ውን ለሚፈልግ ዌስተርን ዲጂታል 37ሲ65 (37C65)። ውስጡ የ765 አንጎል አለ፣ ሴፓሬተሩም አለ፣ ወደ ድራይቩ የሚሄዱትን መስመሮች የሚያጠነክሩት ድራይቨሮችም አሉ። ባለ 40 እግሩን ካገኛችሁ ተራ ሶኬት ላይ ይቀመጣል። ለዜድ80 ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

አንድ ልጅ "ጋሼ፣ ከድሮ ማዘርቦርድ ላይ ነቅዬ ብጠቀምስ?" አለኝ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ እዚያ ላይ ያሉት የተጠቃለሉ ቺፖች ፍሎፒውንም ይዘዋል። እግሮቻቸው ግን 100 ገደማ ናቸው፣ በጣም የተቀራረቡም ናቸው። ብሎወር (የሙቅ አየር መበየጃ) እና የተዘጋጀ ቦርድ ላለው ሰው እሺ፤ በካውያ ብቻ ግን አይሆንም።

የ765 ቤተሰብን (37ሲ65ም ከዚያው ነው) ከመረጣችሁ ሁለት ነገር አትርሱ። ሴክተሩ ሲያልቅ በቲሲ (TC፣ "በቃ" የሚባልበት) እግሩ ላይ ምልክት ካልተሰጠው መቆሚያውን አያውቅም፣ ስህተት ብሎ ይመልሳል። ሁለተኛ፣ ወደ ትራክ ዜሮ (የዲስኬቱ የመጨረሻው የውጭ ክብ) ተመለስ ሲባል 765 የሚልከው 77 እርምጃ ብቻ ነው። ድራይቩ 80 ትራክ ስላለው ትእዛዙን ሁለት ጊዜ ስጡት።

ተላጭቶ ስሙ እንደገና የታተመ ቺፕ ብዙ ስለሆነ፣ ስትገዙ ስሙ የታተመበትን ገጽ በአሴቶን በተነከረ ጥጥ ጠረግ አድርጉት። ቀለሙ ጥጡ ላይ ከቀረ መልሱት።

ለሙከራ የምታነሡትን ዲስኬትም መከለያውን ገልጣችሁ እዩት። እዚህ ሐይቁ ዳር በክረምት የተቀመጠ ዲስኬት ይሻግታል። ነጭ ነጠብጣብ ካለበት ድራይቩ ውስጥ አታስገቡት፤ የድራይቩን ሄድ (ማንበቢያ) ያቆሽሸውና ደህናውን ዲስኬትም ይጭረዋል።