ውሮን ሳናባርር አለርጂውን እንዴት እንደቻልነው

ውሮን ያመጣናት ለአይጥ ነው፣ አይጡ ጠፋ ግን በሁለተኛው ወር እኔ ጠዋት ጠዋት በላይ በላዩ ማስነጠስ አይኔን ማሸት ጀመርኩ፣ ጉንፋን መስሎኝ ዳማከሴ ስጨምቅ ከረምኩ። ጉንፋን ይዞ ይለቃል፣ ወሩን ሙሉ ካልለቀቀና አይንና አፍንጫ የሚያሳክክ ከሆነ ግን ድመቷን ጠርጥሩ።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ፀጉሯ ላይ ያደርጋል። ዋናው ነገር ምራቋና ቆዳዋ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፣ ራሷን ስትልስ ነው የምትውለው አይደል፣ እሱ ፀጉሯ ላይ ይደርቅና በኖ ሶፋ መጋረጃ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስለዚ ፀጉሯን ላጯት የሚላችሁን አትስሙ፣ አለርጂ የማታመጣ ዘር ናት ብሎ በውድ የሚሸጥላችሁንም እንደዛው። ለሰው ብትሰጧት ራሱ ፕሮቲኑ ቤታችሁ ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ በሳምንቱ አልተሻለኝም ብላችሁ ድመቷ አይደለችም እንዳትሉ።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ መኝታ ቤቱን መዝጋት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ የምትተነፍሱት እዛ ነዋ። በሩ ቀንም ማታም ይዘጋ፣ ማታ ብቻ መዝጋት ዋጋ የለውም። የመጀመሪያ ቀናት በሩን ስትቧጭር አደረች፣ ባለቤቴ አንጀቷ አልችል ብሎ አንድ ቀን ከፈተችላት፣ በነጋታው ወንበር ላይ የታጠፈው ጋቢዬ መሀሉ ክብ ሆኖ ጎድጉዶ አገኘሁት፣ አንስቼ መስኮቱ ጋ ሳራግፈው በፀሀዩ ጨረር ውስጥ ብናኙ ሲጨፍር ይታያል፣ ከዛ በኋላ እስከ ምሳ ሰአት ሳስነጥስ ዋልኩ። እና ጋቢም ብርድ ልብስም ቤት ውስጥ አይራገፍ! አንሶላ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ፣ ማሽን ካላችሁ 60 ዲግሪ ላይ እጠቡ። ለሷ ካርቶን ውስጥ አሮጌ ነጠላ አንጥፉላት፣ ትለምዳለች።

በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ብናኙን ማስነሳት ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ስጋጃ ባይኖር ይሻላል። ቫኪዩም የምትገዙ ሄፓ ፊልተር (ደቃቁን ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ) ያለው ይሁን፣ ያለዛ የሳበውን መልሶ ይተፋዋል። ነክታችኋት እጃችሁን ሳትታጠቡ አይናችሁን አትንኩ። ውሮን ማጠብም ሞክሬያለሁ፣ ክንዴ ተቦጫጨረ እንጂ ጥቅሙ ከቀናት አያልፍም፣ ውሻ ከሆነ ግን በሳምንት ሁለቴ ማጠቡ ያግዛል። እጣንና የከሰል ጭስ ደግሞ የተቆጣ አፍንጫን ያባብሰዋል፣ ቡናው ሲፈላ መስኮት ክፈቱ (ቡናውን ተዉ አልወጣኝም)።

መድሀኒት ከሆነ እኔን ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ መድሀኒት ማታ ማታ ረድቶኛል፣ ያስተኛል ግን፣ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። አፍንጫ የሚከፍተውን ጠብታ ከጥቂት ቀን በላይ አትጠቀሙ፣ ስታቆሙት ብሶ ይደፍናል። ደረት ሲር ሲር ካለ ወይ ልጅ ሌሊት ትንፋሽ ካጠረው ግን በቤት ዘዴ አትሞክሩት፣ አስም ሊሆን ስለሚችል ቀጥታ ሀኪም ጋ፣ ቤት ድመት እንዳለ መናገርም አትርሱ፣ እኔ ሳልናገር ሁለት ጊዜ ለጉንፋን ታክሜ ተመልሻለሁ።