ቁፋሮ ፍለጋ ስትወጡ እንዳትሳሳቱ

«የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ላይ መሳተፍ እፈልጋለሁ፤ የት ልሂድ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። ጠያቂው አንዳንዴ የአዲስ አበባ ተማሪ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ አሜሪካ ሜሪላንድ ወይም እስራኤል ነታንያ ያደገ ልጅ ነው። እኔ «ከማን ጋር ልሂድ?» ቢሉኝ እመርጣለሁ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህ ጥያቄ ሳይነሳ በመቅረቱ ነው።

በቦታው ዝና መምረጥ

አፋር ውስጥ ያለውን ሐዳርን እንውሰድ። ሉሲ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ተቆፍሮ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ቦረቦር ውስጥ ሲሄዱ የክርን አጥንት ቁራጭ መሬት ላይ ወድቆ አይተው ነው፤ አፈሩ የተነፋበት ወንፊት የመጣው በኋላ ነው። አፋር ላይ ትልቁ ሥራ ዐይንን መሬት ላይ ተክሎ ፀሐይ ላይ መሄድ ነው። የአፈር ንብርብር መለየትና የጉድጓድ ግድግዳ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ መማር የሚፈልግ ሰው ግንብና ወለል ያለው ሳይት (የቁፋሮ ቦታ) ይሻለዋል፤ ስሙ ባይታወቅም። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ ተዉትና አንድ አሠልጣኝ ለስንት ተማሪ እንደሚደርስ ጠይቁ።

ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነ አለመጠየቅ

ይህኛው ከባድ ነው። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከቅርስ ባለሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ ሳይያዝ ቅርስ ፍለጋ መውጣትም ሆነ መቆፈር ክልክል ነው። እስራኤልም እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣችው የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፤ የተገኘውም የመንግሥት ንብረት ነው ይላል። ስለዚህ የቁፋሮው ኃላፊ ማን ነው፣ ፈቃዱን የሰጠው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው፣ የተገኘው ዕቃ የት ይቀመጣል፣ ውጤቱስ የት ይታተማል ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ። ትክክለኛ ቡድን በዚህ አይቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። «ያገኛችሁትን ትወስዳላችሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ግን ያ ዘረፋ ነው፤ ገንዘብ ከፍላችሁ ወንጀል ውስጥ አትግቡ።

አገር ቤት ያላችሁ ተማሪዎች ደግሞ ካምፕ ድረስ ሄዶ «አስገቡኝ» ማለት እንደማያዋጣ እወቁ። ቡድኖቹ አባሎቻቸውን ቀደም ብለው ይወስናሉ። በሩ ያለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፦ አዲስ አበባም አክሱምም አርኪዮሎጂና የቅርስ አስተዳደር ይሰጣል። መምህራኑ ከየትኛው የጥናት ቡድን ጋር እንደሚወጡ አጣርታችሁ እነሱን ቅረቡ።

በጎ ፈቃደኝነትንና የመስክ ትምህርት ቤትን አንድ ማድረግ

አሜሪካ ላይ በሙያው ሥራ የሚፈልግ ሰው የመስክ ትምህርት ቤት መጨረሱን ብዙ ቀጣሪ ይጠይቃል። ይህ ሳምንታት የሚፈጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት ከተያያዘበት ሺዎች ዶላር የሚያስወጣ ሥልጠና ነው። የአሜሪካ አርኪዮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የመስክ ሥራ ዝርዝር መነሻ ይሆናችኋል። ማየት ብቻ ለሚፈልግ ግን ያን ሁሉ ማውጣት ከንቱ ነው። የአሜሪካ ደን አገልግሎት «ፓስፖርት ኢን ታይም» የሚለው ፕሮግራም በጎ ፈቃደኞችን ያለ ክፍያ ይቀበላል። እስራኤል ውስጥ ቤት ጉቭሪን ላይ ለጥቂት ሰዓት ከቤተሰብ ጋር መቆፈር ይቻላል። ያ ጥሩ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ሲቪ ላይ ግን አይጻፍም።

ሰኔ ላይ መነሳት

በውጭ አገር በጋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት የሚካሄዱ ቁፋሮዎች ምዝገባ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ወራት ቀድሞ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የሚገኘው የሮማውያኑ ምሽግ ቪንዶላንዳ ለቀጣዩ ዓመት የሚመዘግበው ኖቬምበር ላይ ሲሆን ቦታው ወዲያው ያልቃል። የአፋር ወቅት ደግሞ በተቃራኒው ሙቀቱ ሲበርድ፣ ከጥቅምት በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በዚህ ላይ የቪዛ ወራት ይጨምር። ከመክፈላችሁ በፊት የግብዣ ደብዳቤ ይጽፉ እንደሆነ፣ ቪዛ ብትከለከሉ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጡ።

ማስታወቂያው ላይ ያለውን ዋጋ ብቻ ማስላት

የአውሮፕላን ቲኬት፣ ኢንሹራንስ፣ የቴታነስ ክትባትና የሰንበት ቀናት ምግብና አልጋ ብዙ ጊዜ ለብቻ ናቸው። ምግብን ካነሣን ደግሞ የውጭ አገር የበጋ ቁፋሮ ከሐዋርያት ጾም ወይም ከፍልሰታ ጋር ሊገጥም ይችላል። ቅጹ ላይ «ቪጋን» ብላችሁ ጻፉ፤ ወጥ ቤቱ ይገባዋል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእኛ ተዉት።

ቀኑን ሙሉ እንቆፍራለን ብሎ ማሰብ

እስራኤል ውስጥ ብዙ ቁፋሮዎች ላይ ሥራ የሚጀመረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ግድም ነው፤ ቀትር ካለፈ በኋላ ሙቀቱ ስለማያስችል ይቆማል። ከሰዓት በኋላ ባልዲ ከበው የሸክላ ገል በብሩሽ ያጥባሉ። ዋናው ትምህርት እዚህ ነው ብል አታምኑኝም ይሆናል። አንድ የገል ባልዲ ላይ የሚታሰረውን መለያ ተመልከቱ፦ የሳይቱ ስም፣ የካሬው (የተቆፈረው አራት ማዕዘን ቦታ) ቁጥር፣ የንብርብሩ ቁጥር፣ ቀኑ፣ የቆፈረው ሰው ፊርማ። ያ ወረቀት ከጠፋ ገሉ ከየትኛው ወለል እንደወጣ የሚያውቅ የለም፤ ከመንገድ ከተለቀመ ገል አይለይም። ዕጥበት ላይ ሁለት ባልዲ ያቀላቀለ ተማሪ ሌሎች ለቀናት የደከሙበትን ያበላሻል። ስለዚህ ስታመለክቱ መሬት መቆፈሩን ብቻ ሳይሆን መመዝገብ፣ መለካትና መሳል ማን እንደሚያስተምራችሁ ጠይቁ። «መዝገቡን እኛ እንይዛለን» ካሏችሁ የሚፈልጉት ጉልበት ነው።

የተገኘውን ወዲያው መለጠፍ

ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ላይ መጫን ያጓጓል፤ ሌባም ያያል። ሳይቱ ጥበቃ ከሌለው ሌሊት ሌላ ሰው መጥቶ ሊቆፍረው ይችላል። ኃላፊው ሳይፈቅድ አትለጥፉ፤ ሲፈቅድም የስልካችሁን የቦታ መጠቆሚያ አጥፍታችሁ ይሁን።